የዳላሱ ሠርግ በአገር ቤቱ «ዴክ»፦ የብሉሬይ ዲስክን ወደ መደበኛ ዲቪዲ መለወጥ

በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጁን ሲድር፣ አዳራሹን ከሞላው እንግዳ ባልተናነሰ የሚታሰበው መምጣት ያልቻለው ዘመድ ነው። ቪዛ ያልተሳካላት እናት፣ ዕድሜ የተጫናቸው አያት፣ ከሥራው መላቀቅ ያቃተው ወንድም ሠርጉን የሚያዩት በምስል ብቻ ነው። ቪዲዮ አንሺው የሚያስረክበው ከፍተኛ ጥራት ያለው ዲስክ ግን ብዙውን ጊዜ ብሉሬይ ሲሆን፣ በአገር ቤት ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው፣ በተለምዶ «ዴክ» የምንለው ማጫወቻ የሚያውቀው ዲቪዲን ነው። በስንት ልመና በመንገደኛ እጅ የተላከው ዲስክ ዴኩ ውስጥ ሲገባ፣ ማጫወቻው ጥቂት ይሽከረከርና ማንበብ እንደማይችል ያስታውቃል። ቤተሰቡም ተሰብስቦ ባዶ መስኮት ያያል።

ዲስኩ አልተበላሸም፤ ዴኩም አልታመመም። ሁለቱ የተሠሩት በተለያየ ዘመን ለተለያየ ሥርዓት ነው። መፍትሔው ምስሉን በቤት ኮምፒዩተር ወደ መደበኛ ዲቪዲ መለወጥ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ፋይል ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ እንደ መገልበጥ የሚቆጠር አይደለም። ሰፊው ወደ ጠባቡ ሲገባ የሚቀር ነገር መኖሩ ግድ ነው። ስለዚህ ለዋጩ ምን እንደሚቀርና ምን መትረፍ እንዳለበት አውቆ ቢወስን ይሻላል፤ እርሱ ካልወሰነ ሶፍትዌሩ በራሱ ይወስንለታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ውሳኔ እንዴት በእውቀት መወሰን እንደሚቻል ነው።

አስቀድሞ አንድ ወሰን እናስምር። ጽሑፋችን የሚመለከተው የራሳችንን ምስል ነው፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምረቃ፣ የቤተሰብ ጉዞ። በገበያ የሚሸጡ የፊልም ዲስኮች በምስጢር ቁልፍ የተዘጉ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ ይህን የመሰለውን ቁልፍ መስበር ይከለክላል። የሠርግ ቪዲዮም ቢሆን፣ በውል ካልተላለፈ በቀር የቅጂ መብቱ የቪዲዮ አንሺው ሊሆን ስለሚችል፣ ከማባዛት በፊት ፈቃዱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለቱ ዲስኮች በምን ይለያያሉ?

ብሉሬይና ዲቪዲ በእጅ ሲያዙ አንድ ናቸው። የሁለቱም ስፋት 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸውም 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነታቸው ያለው በጽሕፈታቸው ነው። በአንድ መጠን ብራና ላይ፣ አንዱ በወፍራም ብርዕ ሌላው በቀጭን ብርዕ የሚጽፉ ሁለት ጸሐፍትን እናስብ። ባለ ቀጭን ብርዑ በአንድ ገጽ ብዙ እጥፍ ቃል ያሰፍራል። ዲቪዲ የሚነበበው የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር በሆነ ቀይ ሌዘር ሲሆን፣ ብሉሬይ የሚነበበው ደግሞ 405 ናኖሜትር በሆነ ሰማያዊ ሐምራዊ ሌዘር ነው። የሞገዱ ርዝመት ባጠረ መጠን ጨረሩ ይበልጥ ጠባብ በሆነ ነጥብ ላይ ያርፋል። በዚህም ምክንያት በዲቪዲ ላይ በሁለት የጽሕፈት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 0.74 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ በብሉሬይ ላይ 0.32 ብቻ ነው። የውጤቱ ልዩነት ግልጽ ነው፤ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ሲይዝ ብሉሬይ 25 ጊጋባይት ይይዛል።

መረጃው የተቀመጠበት ጥልቀትም ይለያያል። በዲቪዲ ከገጹ 0.6 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ሲገኝ፣ በብሉሬይ ግን 0.1 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ የዲቪዲ ዴክ ምንም ቢታደስ፣ ምንም ቢጸዳ ብሉሬይን ማንበብ አይችልም፤ የሚያይበት ዓይን የለውም። የብሉሬይ ማጫወቻ ዲቪዲን የሚያነበው ቀይ ሌዘርም ስለተገጠመለት ነው።

ዲቪዲ በጃፓን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ ብሉሬይ ለሕዝብ የደረሰው በ2006 ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል የምስል ማጨቂያው ዘዴም ተሻሽሏል። ዲቪዲ የሚቀበለው ኤምፔግ-2 የተባለውን የቆየ ዘዴ ሲሆን፣ ብሉሬይ ግን ኤች.264 የመሳሰሉትን አዳዲስ ዘዴዎች ይጠቀማል። ስለዚህ ልወጣው ሁለት ሥራ አለበት፤ ምስሉን ማሳነስና በሌላ ዘዴ እንደገና ማጨቅ።

ከስድስት ነጥብ አንድ

ሙሉው የብሉሬይ ምስል 1920 ነጥቦች በአግድም፣ 1080 ነጥቦች በቁም አሉት። ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ወይም ፒክስል ይሆናል። በአሜሪካ ሥርዓት የዲቪዲ ምስል 720 በ480 ማለትም 345,600 ፒክስል ነው። ይህም ልክ አንድ ስድስተኛ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች በሚሠራበት ሥርዓት ደግሞ 720 በ576 ሲሆን፣ 414,720 ፒክስል ወይም ልክ አንድ አምስተኛ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይቀራል? የሙሽራውና የሙሽሪት ፊት በቅርብ ሲታይ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ረቂቁ ነገር ነው፤ በሐበሻ ቀሚስ ላይ ያለው የጥበብ ዝርዝር፣ በአዳራሹ ጥግ የተቀመጠው ዘመድ ፊት፣ በስክሪኑ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ስም። ጥሩ ሶፍትዌር ነጥቦቹን ዝም ብሎ አይጥልም፤ የጎረቤት ነጥቦችን አማካይ እየወሰደ አዲስ ነጥብ ይሠራል። የዚህ ዓይነቱ ማሳነስ ባይሊኒየር፣ ባይኪዩቢክ ወይም ላንቾስ በሚሉ ስሞች ሊቀርብ ይችላል፤ ከሦስቱ የኋለኞቹ ሁለቱ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣሉ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው የምስሉን ቅርጽ ይመለከታል። ዲቪዲ ሰፊውን ባለ 16 በ9 ምስል የሚያስቀምጠው በጎን ጨምቆ ሲሆን፣ ማጫወቻው ዘርግቶ እንዲያሳየው የሚያዝ ምልክት ይጻፍበታል። ምልክቱ ከተረሳ ሰዉ ሁሉ ቀጥኖና ረዝሞ ይታያል። ሁለተኛው ቀለምን ይመለከታል። ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስልና መደበኛው ምስል ቀለምን ወደ ቁጥር የሚመልሱበት ቀመር አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው 709፣ ሁለተኛው 601 በሚባሉ ደንቦች ይመራሉ። ሶፍትዌሩ ይህን ካላስተካከለ አረንጓዴውና ቀዩ በጥቂቱ ይዛባሉ፤ የፊት ቀለምም ከተፈጥሮው ይርቃል።

በሠላሳና በሃያ አምስት መካከል

በዳላስ የተቀረጸ ምስል ወደ ኢትዮጵያ ሲላክ ከመጠኑ በተጨማሪ የጊዜ አቆጣጠሩም ጥያቄ ያስነሣል። አሜሪካ የምትጠቀምበት ኤንቲኤስሲ የተባለው ሥርዓት በሴኮንድ 30 ገደማ፣ በትክክል 29.97 ፍሬም ያሳያል። የኢትዮጵያ የቀለም ቴሌቪዥን የተመሠረተበት ፓል ግን በሴኮንድ 25 ፍሬም ነው። ልዩነቱ መሠረት ያለው በመብራት መስመሩ ነው። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ፣ በኢትዮጵያ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ሥርዓቱን ሲዘረጉ የምስሉን ምት ከመብራቱ ምት ጋር አስማሙት። ኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ስርጭት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ያ የቆየ ልዩነት ዛሬም በሠርጋችን ዲስክ ላይ ይታያል።

30 ፍሬም ወደ 25 እንዲወርድ ሶፍትዌሩ ከየስድስቱ ፍሬም አንዱን ቢጥል፣ ንግግርና ምርቃት ላይ ጉዳቱ አይታወቅ ይሆናል። እስክስታ ሲመጣ ግን ትከሻው በየቅጽበቱ የሚሰናከል ይመስላል። የተሻለው መንገድ፣ ምስሉ በሴኮንድ 60 ግማሽ ምስሎች የተቀረጸ ከሆነ፣ መጀመሪያ ግማሾቹን ወደ ሙሉ ምስል መመለስ፣ ከዚያ ከ60 ወደ 50 ማውረድ፣ በመጨረሻም ለፓል መልሶ መክፈል ነው። በ24 ፍሬም የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ ማጫወቻው ትንሽ እንዲፈጥን ተደርጎ ወደ 25 ይወጣል፤ የሁለት ሰዓቱ ሠርግ ወደ 115 ደቂቃ ገደማ ያጥራል፤ ድምፁም ካልተስተካከለ በመጠኑ ይቀጥናል።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ሁልጊዜ አያስፈልግም። ፓል በሚሠራባቸው አገሮች የሚሸጡ አብዛኞቹ ዴኮችና ቴሌቪዥኖች ኤንቲኤስሲንም ይቀበላሉ። ስለዚህ በአሜሪካ የተቀረጸውን ምስል በአሜሪካው ሥርዓት እንዳለ ማስቀረት እንቅስቃሴውን ሳይነካ ያተርፈዋል። አስቀድሞ አጭር የሙከራ ዲስክ መላክ ጥሩ ነው። በዚያ ማዶ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ወይም ከተንከባለለ፣ መሣሪያው ፓልን ብቻ የሚያውቅ ነውና ያን ጊዜ ወደ ፓል መለወጥ ግድ ይሆናል። ተቃራኒው ጉዞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ዴኮች ፓልን ስለማያጫውቱ፣ ከአገር ቤት የመጣ የመልስ ዲስክ ዳላስ ላይ ሊከለከል ይችላል።

ስለ ክልል ቁጥርም አንድ ቃል እንጨምር። የፊልም ዲቪዲዎች አሜሪካ በክልል 1፣ ኢትዮጵያ በክልል 5 ተመድበው ይሸጣሉ። በቤት የምንሠራው ዲስክ ግን ያለ ክልል ገደብ ሊቀዳ ስለሚችል፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ «ሁሉም ክልል» የሚለውን መምረጥ በቂ ነው።

የቢት በጀት

ለዋጩ ከሚወስናቸው ነገሮች ሁሉ ጥራቱን ይበልጥ የሚወስነው፣ ለእያንዳንዱ ሴኮንድ ምን ያህል ቢት እንደሚመደብ ነው። ይህም እንደ ቤት ወጪ ነው፤ ያለው ገንዘብ ቁርጥ ነው፤ ቀኑ በበዛ መጠን የየዕለቱ ድርሻ ያንሳል።

ሒሳቡን እንሥራ። 4.7 ጊጋባይት ማለት 4,700,000,000 ባይት ነው። (ኮምፒዩተሩ በ1024 እየቆጠረ 4.38 ቢል አያሳስብ፤ መጠኑ ያው ነው።) በ8 ሲባዛ 37,600,000,000 ቢት ይሆናል። ለምናሌና ለልዩ ልዩ ማሸጊያ 5 በመቶ ብናስቀር 35,720,000,000 ይተርፈናል። ሠርጉ ሁለት ሰዓት ማለትም 7,200 ሴኮንድ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሴኮንድ 4.96 ሜጋቢት ይደርሳል። ለድምፅ 0.19 ሲቀነስ ለምስሉ 4.77 ሜጋቢት ይቀራል። ይህ ለጥሩ ሥራ ይበቃል። ሦስት ሰዓት ከሆነ ግን የምስሉ ድርሻ ወደ 3.1፣ አራት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ወደ 2.3 ሜጋቢት ይወርዳል።

ከ4 ሜጋቢት በታች ሲወረድ መጀመሪያ የሚጎዳው ጭፈራው ነው። ኤምፔግ-2 ከፍሬም ወደ ፍሬም የሚለወጠውን ብቻ እየመዘገበ ቢት ይቆጥባል። ተናጋሪ ሲቆም የሚለወጠው ጥቂት ነው፤ አዳራሹ ሁሉ ሲጨፍርና መብራቱ ሲብለጨለጭ ግን ሁሉም ነገር ይለወጣል፤ በጀቱ አልበቃ ሲል ምስሉ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሰባበራል። መፍትሔው ከባህላችን ጋር የሚሄድ ነው፤ ሠርጉን በአንድ ዲስክ፣ መልሱን በሌላ ዲስክ መቅዳት። 8.5 ጊጋባይት የሚይዝ ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ ቢኖርም፣ በቤት የተቀዳውን ብዙ አሮጌ ዴኮች ለማንበብ ስለሚቸገሩ ሁለት ተራ ዲስኮች ይመረጣሉ።

አጭር ምስል ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ከልክ አለማለፍ ያስፈልጋል። የዲቪዲ ምስል ከፍተኛው ጣሪያ በሴኮንድ 9.8 ሜጋቢት ቢሆንም፣ በቤት የተቀዳ ዲስክ በአሮጌ ዴክ እንዳይንተባተብ ከ8 ባይዘል መልካም ነው።

ሥራው በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ የብሉሬይ ማንበቢያ ባለው ኮምፒዩተር ዲስኩን መክፈት። ቢዲኤምቪ በሚለው አቃፊ ውስጥ ስትሪም የሚባል አቃፊ ይገኛል፤ በውስጡ ያለው ትልቁ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ምስል ነው። ፋይሉን ወደ ኮምፒዩተሩ መገልበጥ ይቅደም፤ በሴኮንድ 25 ሜጋቢት የተቀረጸ የሁለት ሰዓት ምስል 22.5 ጊጋባይት ስለሚሆን በቂ ቦታ ያዘጋጁ።

ሁለተኛ፣ ሚዲያኢንፎ በመሰለ ነፃ ፕሮግራም የምስሉን ማንነት ማወቅ። መጠኑ ስንት ነው? በሴኮንድ ስንት ፍሬም አለው? ሙሉ ምስል ነው ወይስ በግማሽ ምስሎች የተከፈለ? ድምፁስ በምን ዘዴ ተቀርጿል? ከላይ ያየናቸው ውሳኔዎች ሁሉ የሚቆሙት በእነዚህ መልሶች ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ መለወጥ። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነፃ መሣሪያ ለኤንቲኤስሲም ሆነ ለፓል ዲቪዲ የተዘጋጀ ቅንብር አለው። በትእዛዝ መስመር መሥራት ለማይወድ ዲቪዲ ስታይለር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ልወጣውንም ምናሌውንም በአንድ ላይ ይሠራል። ምስሉ በግማሽ የተከፈለ ከሆነ ከማሳነስ በፊት ወደ ሙሉ ምስል መመለስ አለበት፤ አለበለዚያ የሁለቱ ግማሾች መስመሮች ተቀላቅለው በሚንቀሳቀስ ሰው ዙሪያ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ጠርዝ ይወጣል። ሶፍትዌሩ ሁለት ጊዜ የመመልከት ምርጫ ካለው ይህንኑ መምረጥ ይገባል። በመጀመሪያው ዙር የትኛው ትዕይንት ከባድ እንደሆነ ያጠናል፤ በሁለተኛው ከንግግሩ ቆጥቦ ለጭፈራው ይመድባል። ሥራው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ይህን ሁሉ ስሌት የሚሸከመው የተቀናጀ ሰርኪዩት ሲሆን፣ ጃክ ኪልቢ የመጀመሪያውን ሙከራውን ያሳየው እዚሁ ዳላስ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 1958 ነበር።

አራተኛ፣ ድምፁን ማስተካከል። በብሉሬይ ላይ ያሉ አንዳንድ የድምፅ ዓይነቶችን የዲቪዲ ዴክ አያውቃቸውም። ወደ ዶልቢ ዲጂታል፣ በ48 ኪሎኸርትዝ፣ በሁለት ቻናልና በሴኮንድ 192 ኪሎቢት መለወጥ ለአብዛኛው ዴክ ይስማማል። የሽማግሌዎች ምርቃት ከሙዚቃው በጣም ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ከሆነ ከፍ ማድረጊያው ጊዜ ይህ ነው።

አምስተኛ፣ ምዕራፍ መክፈል። ሙሽራው ሲወጣ፣ ሙሽሪትን ሲያወጡ፣ አዳራሽ ሲገባ፣ ኬክ ሲቆረስ እየተባለ ምዕራፍ ቢበጅ፣ አያት የሚፈልጉትን ለማግኘት ሁለት ሰዓት ወደፊት ማሮጥ አይጠበቅባቸውም።

ስድስተኛ፣ መሞከርና መቅዳት። መጀመሪያ በሚጠፋና በሚጻፍ ዲስክ ቀድቶ በተራ ዴክ ማየት፣ ከዚያ በኋላ ዋናውን መቅዳት ብልኅነት ነው። የቪዲዮ ፋይሉን እንዳለ ጎትቶ ዲስክ ላይ መጣል ዲቪዲ አያደርገውም፤ ዴኩ የሚፈልገው ቪዲዮ ቲኤስ የተባለውን አቃፊ በሥርዓቱ ተዘጋጅቶ ነው። ፍጥነቱን ከከፍተኛው ዝቅ ማድረግና ዲስኩን በመጨረሻ መዝጋት አይዘንጋ፤ ያልተዘጋ ዲስክ ከቀዳው መሣሪያ ውጭ በሌላ ላይ አይከፈት ይሆናል።

የግእዝ ፊደል ጉዳይ

በእንግሊዝኛ ከተጻፉ መመሪያዎች የማናገኘው አንድ ነጥብ አለ። ፊደላችን ከካዕብ እስከ ሳብዕ የሚለየው በትንንሽ ቅጥያዎች ነው። «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» የምትለየው አንዲት አጭር መስመር ናት። በብሉሬይ 30 ነጥብ ቁመት ያለው ጽሑፍ ወደ 480 መስመር ሲወርድ ቁመቱ 13 ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ቅጥያዋ ትጠፋለች፤ ስምም ሌላ ስም ይሆናል። በተጨማሪም አንድ መስመር ብቻ ውፍረት ያለው አግድም ጭረት በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ይርገበገባል።

ስለዚህ ስሞችና ርእሶች ከምስሉ ጋር ሳይጣበቁ የተቀመጡበት ቅጂ ቪዲዮ አንሺው ካለው፣ እርሱን ጠይቆ ጽሑፉን ለዲቪዲው በአዲስ መልክ መጻፍ ይመረጣል፤ ቁመቱ ከ30 መስመር ሳያንስ፣ ጭረቱ ወፈር ብሎ፣ ከምስሉ ጠርዝም ራቅ ብሎ፤ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ጠርዙን ይቆርጡታልና። በእንግሊዝኛ የተነገረውን ንግግር በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ መተርጎም ለሚፈልግም መልካም ዜና አለ። ዲቪዲ የግርጌ ጽሑፍን የሚያስቀምጠው በሥዕል መልክ ስለሆነ፣ ዴኩ የግእዝ ፊደል ማወቅ አያስፈልገውም። ኮምፒዩተራችን ላይ በትክክል ከተሣለ፣ በማንኛውም ዴክ ላይ በትክክል ይነበባል።

ዋናውን መጠበቅ

የተለወጠው ዲቪዲ ለዘመድ ነው፤ ዋናው ለልጅ ልጅ ነው። ከዲቪዲው ተነሥቶ ወደ ብሉሬይ መመለስ አይቻልም። ሶፍትዌር ምስሉን ሊያሰፋው ይችላል፤ የጠፉትን አምስት ነጥቦች ግን ከየትም አያመጣቸውም። ስለዚህ ሌላ ቅጂ ሲያስፈልግ ሁልጊዜ ከዋናው መነሣት እንጂ ከዲቪዲው ሌላ ማውጣት አይገባም። ዋናውን ፋይልም ከዲስኩ ሌላ ቢያንስ በአንድ ሃርድ ዲስክ፣ ቢቻል በሌላ ቤት በተቀመጠ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ማኖር ያስፈልጋል።

በቤት የሚቀዳ ዲቪዲ መረጃውን የሚይዘው በኦርጋኒክ ቀለም ላይ ሲሆን፣ ቀለሙ ሙቀትና ፀሐይ አይወድም። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍበት ዳላስ፣ ዲስክ ዝግ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ማበላሸት ነው። በላዩ ወረቀት መለጠፍም ሚዛኑን ያዛባዋል፤ ለዲስክ በተዘጋጀ እስክሪብቶ መጻፍ ይበቃል።

በመጨረሻም፣ ዲስኩን ለመንገደኛ ከማስረከብ በፊት እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስ ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ዳላስ ላይ የተገኘ ስሕተት በአንድ ምሽት ይታረማል፤ አገር ቤት ደርሶ የተገኘ ስሕተት ግን ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ይጠብቃል። እናትም እስከዚያው የልጇን ሠርግ ሳታይ ትቆያለች።